ከመከልከል ወደ መሥራት፦ ክርስትና በአሜሪካ የመዝናኛ ገበያ

ራሳቸውን ክርስቲያን ብለው የሚጠሩ አሜሪካውያን ድርሻ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቀንሷል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ባካሄዳቸው ሰፋፊ ጥናቶች መሠረት፣ በ2007 ከአገሪቱ አዋቂዎች 78 በመቶው ክርስቲያን ነን ብለው ነበር። በ2023 እና በ2024 በተሰበሰበው መረጃ ግን ድርሻው 62 በመቶ ሆኗል። ማሽቆልቆሉ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጋብ ቢልም፣ ልዩነቱ ግን ከፍተኛ ነው። (በዚህ ትንታኔ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚሁ ዓመታት በአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች፣ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚቀርበው ክርስቲያናዊ ፊልምና መዝሙር በአንጻሩ እየበዛ ሄዷል። በ2025 ብቻ የንጉሥ ዳዊት ታሪክ በአማዞን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀርቧል። የክርስቶስን ሕይወት ለልጆች የሚተርክ የካርቱን ፊልምም በሰሜን አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። እነዚህን መሰል ሥራዎች ቀድሞ ብዙ ጊዜ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይታዩ ነበር፤ ዛሬ ከታላላቅ ኩባንያዎች ፊልሞች ጎን ተሰልፈው ይወዳደራሉ።

ምእመኑ እየቀነሰ መንፈሳዊው ፊልም እንዴት ሊበዛ ቻለ? መልሱ የሚገኘው በተመልካቹ አደረጃጀት ላይ ነው። የአሜሪካ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ከመዝናኛው ዓለም ጋር የነበረው ግንኙነት ሌሎች የሠሩትን መቃወምና ማስከልከል ነበር። ዛሬ ግን ገንዘቡን አስቀድሞ እያዋጣ የሚፈልገውን ራሱ ያሠራል። ይህ ለውጥ ከቁጥሩ በላይ ጉልበት ሰጥቶታል፤ ቀድሞ ያልነበሩ ከባድ ጥያቄዎችንም አስከትሎበታል።

የክልከላው ዘመን

የአሜሪካ የፊልም ማእከል የሆነው ሆሊውድ በ1930 በፊልም ሊታይ የሚገባውንና የማይገባውን የሚዘረዝር ደንብ ተቀበለ። ደንቡን ካረቀቁት አንዱ ዳንኤል ሎርድ የተባሉ የካቶሊክ ካህን ነበሩ። ደንቡ በጥብቅ ሥራ ላይ የዋለው በ1934 ሲሆን፣ በዚያው ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ካቶሊክ ምእመናን ነውር ያለበትን ፊልም ላለማየት ቃል ይገቡ ነበር። ኩባንያዎቹ ደንቡን ያከበሩት በእምነት ተነሣሥተው ሳይሆን ትኬት ገዢ እንዳያጡ ፈርተው ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሃይማኖታዊ ፊልም አልጠፋም። «ዐሥርቱ ትእዛዛት» በ1956፣ «ቤን ሐር» ደግሞ በ1959 ለእይታ በቅተዋል፤ ቤን ሐር 11 የኦስካር ሽልማቶችን ወስዷል። ይሁን እንጂ ሁለቱንም ያሠሩት ትርፍ ፈላጊ ታላላቅ ኩባንያዎች ናቸው። ምእመኑ ትኬት ቆርጦ የሚያይ ወይም ተቆጥቶ የሚቀር ተመልካች እንጂ የሥራው ባለቤት አልነበረም። ሕዝቡ በቴሌቪዥን ተስቦ ከሲኒማ ቤት ሲርቅና የኑሮው ልማድ ሲለወጥ የክልከላው ደንብ አቅም አጣ፤ በ1968ም ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ በሚመድብ ሥርዓት ተተካ። ከዚያ በኋላ ለክርስቲያኑ የቀረው መሣሪያ ሰልፍና ተቃውሞ ነበር።

የሁለቱን መንገዶች ልዩነት በአንድ ሰው ታሪክ ማየት ይቻላል። ቢል ብራይት «ካምፐስ ክሩሴድ» የተባለው የወንጌል ስርጭት ድርጅት መሥራች ናቸው። ዩኒቨርሳል የተባለው ኩባንያ በ1988 በማርቲን ስኮርሴዚ የተዘጋጀውን «የክርስቶስ የመጨረሻው ፈተና» የተሰኘ ፊልም ሊያወጣ ሲል፣ ብዙ ክርስቲያኖች ፊልሙ ክርስቶስን ያቃልላል ብለው ተቆጡ። ብራይትም ኩባንያው ያወጣውን ወጪ ሊከፍሉና ቅጂዎቹን ተቀብለው ሊያስወግዱ ጠየቁ። ዩኒቨርሳል ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ፤ ፊልሙም ወጣ።

እኒሁ ሰው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1979፣ በሉቃስ ወንጌል ላይ የተመሠረተውን «ኢየሱስ» የተሰኘ ፊልም አሠርተው ነበር። ፊልሙ አማርኛን ጨምሮ ከ2 ሺህ በላይ ወደሚሆኑ ቋንቋዎች ተመልሷል። ማስጠፋት የፈለጉት ፊልም በተቃውሞው ሳቢያ ስሙ ይበልጥ ተነሣ፤ ራሳቸው ያሠሩት ግን መብራት ያልገባበት መንደር ድረስ በጄኔሬተር ታጅቦ ዘለቀ። የሚቀጥለው ትውልድ ከሁለቱ መንገዶች ሁለተኛውን መረጠ።

በር የከፈተው ፊልም

ተዋናይና አዘጋጅ ሜል ጊብሰን «የክርስቶስ ሕማማት» የተሰኘውን ፊልም ሊሠራ ሲነሣ ታላላቆቹ ኩባንያዎች አልደገፉትም። ተዋናዮቹ የሚናገሩት በአራማይክ፣ በዕብራይስጥና በላቲን ነው፤ ታሪኩ ሥቃይ የበዛበት ነው፤ ማን ያየዋል የሚል ጥርጣሬ ነበር። ጊብሰን ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር የሚገመተውን የሥራ ወጪ ከራሱና ከራሱ ድርጅት ሸፈነ። ፊልሙን ከመውጣቱ በፊት ለካህናትና ለፓስተሮች አሳየ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ትኬት በጅምላ እየገዙ ምእመናንን ወደ ሲኒማ ቤት ወሰዱ።

ፊልሙ በ2004 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ከዚህም ወደ 370 ሚሊዮን የሚጠጋው ከሰሜን አሜሪካ የተገኘ ነው። ወቀሳም አልቀረለትም። የአይሁድ ድርጅቶችና አንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁራን፣ የክርስቶስን ሞት በአይሁድ ሕዝብ ላይ የሚያላክከውን የቆየ ጥላቻ ሊቀሰቅስ ይችላል ሲሉ አሳሰቡ። ጊብሰን ክሱን አልተቀበለም፤ ክርክሩ ግን ዛሬም ከፊልሙ ስም ጋር ይነሣል።

ለነጋዴዎቹ ትምህርቱ ግልጽ ነበር። ሌላ ፊልም የማያይ፣ ይህን ግን ከቤተሰቡና ከጉባኤው ጋር ሆኖ የሚያይ ትልቅ ሕዝብ አለ። ትኬቱን የሚያሻሽጠውም ውድ ማስታወቂያ ሳይሆን የእሑድ ስብከት ነው።

ይህን ለመጠቀም የግድ ሀብታም መሆን አላስፈለገም። በጆርጂያ ግዛት አልባኒ በተባለች ከተማ የሚገኝ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ከአባላቱ ብዙዎቹን በተዋናይነትና በረዳትነት በነጻ አሰልፎ «ፋየርፕሩፍ» የተሰኘውን የትዳር ፊልም ሠራ። ወጪው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2008 ሲታይ ከ33 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ስለ አንድ መዝሙር አመጣጥ የሚተርከው የ2018ቱ «አይ ካን ኦንሊ ኢማጂን» ደግሞ በ7 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በሰሜን አሜሪካ 83 ሚሊዮን ያህል ሰበሰበ። ወጪው ትንሽ፣ ተመልካቹ የታወቀ ስለሆነ ኪሳራው ጥቂት፣ ትርፉ ብዙ ሆነ።

ፊልም በደቦ

ለውጡን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን «ዘ ቾዝን» ወይም «የተመረጡት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ነው። አዘጋጁ ዳላስ ጄንኪንስ በ2017 የሠራው ፊልም በገበያው ወድቆበት ነበር። በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ የገና መርሐ ግብር ስለ ቤተልሔም እረኞች አንድ አጭር ፊልም አዘጋጀ። ያ ፊልም ቪድኤንጀል በተባለ ኩባንያ አማካይነት በበይነ መረብ ተለቀቀ፤ ያዩት ሰዎችም ለሙሉ ተከታታይ ድራማ የሚሆን ገንዘብ እንዲያዋጡ ተጋበዙ።

አሠራሩ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ደቦ ወጥቶ የአንዱን ማሳ የሚያጭድ፣ መዋጮ ሰብስቦ ቤተ ክርስቲያን የሚያንጽ ሕዝብ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች በአማካይ ጥቂት መቶ ዶላር እያወጡ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰቡ። ልዩነቱ መዋጮው ስጦታ ብቻ ሳይሆን የአክሲዮን ድርሻ መሆኑ ነው። ድራማው ከ2019 ጀምሮ በስልክ መተግበሪያ በነጻ ይታያል። የወደደው ሰው «እኔ የከፈልኩት ሌላው በነጻ እንዲያይ ይሁን» ብሎ ይከፍላል። በ2024 የወጣው አራተኛው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ በሲኒማ ቤቶች እስከ መታየት ደርሷል።

የቪድኤንጀል ታሪክ ራሱ የዘመኑን ሽግግር ያሳያል። ኩባንያው ሥራውን የጀመረው ከሆሊውድ ፊልሞች ውስጥ ነውር የሚባለውን ትዕይንትና ስድብ እየቆረጠ ለቤተሰብ በማቅረብ ነው። ዲዝኒና ሌሎች ኩባንያዎች የባለቤትነት መብታችን ተጣሰ ብለው በ2016 ከሰሱት፤ በ2019ም ከ62 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። በኋላ በስምምነት ዕዳው በእጅጉ ተቀነሰለት። የሌላውን ፊልም በመቁረጥ ሊከስር የተቃረበው ኩባንያ ራሱ በማሠራት አንሠራራ፤ ስሙንም ኤንጀል ስቱዲዮስ ብሎ ለወጠ። ዛሬ የትኛው ፊልም ይሠራ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን አባላቱ በድምፅ ይመርጣሉ።

በሐምሌ 2023 ይኸው ኩባንያ የሕፃናት ንግድን የሚመለከተውን «ሳውንድ ኦፍ ፍሪደም» አወጣ። ፊልሙ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ አከፋፋዩ ድርጅት በዲዝኒ ስለተገዛ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ነበር። በመጨረሻ ሲታይ በሰሜን አሜሪካ ብቻ ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ተመልካቾች ለማያውቁት ሰው ትኬት እንዲገዙ መጋበዛቸው ገቢውን ረድቶታል። ተቺዎች በበኩላቸው ከተገዙት ትኬቶች ስንቱ በእርግጥ ተመልካች አገኘ ብለው ጠይቀዋል። የሰዎች ንግድን በቅርብ የሚያውቁ ባለሙያዎችም ፊልሙ የሚያሳየው በባዕድ የሚፈጸም አፈና፣ አብዛኛው ወንጀል ከሚፈጸምበት መንገድ የራቀ ነው ሲሉ ነቅፈዋል።

መዝሙርና ዘፈን

በሙዚቃው በኩል ቤተ ክርስቲያን ለአሜሪካ አዲስ አይደለችም። የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ የሶል ሙዚቃ እናት ነው። አሬታ ፍራንክሊን በዲትሮይት የታወቁ ሰባኪ ልጅ ነበረች፤ ድምፅዋን ያሟሸችው በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዓለማዊ ዘፈን ከነገሠች በኋላ፣ በ1972 በሎስ አንጀለስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀዳችው የመዝሙር አልበም ከሥራዎቿ ሁሉ በብዛት ከተሸጡት አንዱ ለመሆን በቅቷል።

አዲሱ ነገር መዝሙሩ መዝሙር እንደሆነ ወደ ዓለማዊው ገበያ መግባቱ ነው። የሎረን ዴይግል «ዩ ሴይ» በ2018 ወጥቶ በቢልቦርድ የክርስቲያናዊ ዘፈኖች ሠንጠረዥ ከ100 ሳምንታት በላይ አንደኛ ሆኗል፤ በአጠቃላዩ ሠንጠረዥም ገብቷል። በ2025 ደግሞ የብራንደን ሌክና የፎረስት ፍራንክ መዝሙሮች ከዓለማዊዎቹ ጋር በመቶዎቹ ተወዳጅ ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ ተገኝተዋል። ቀድሞ የሬዲዮ ጣቢያ ኃላፊው «ይህ የቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ሊያስቀረው ይችል ነበር። አሁን ግን አድማጩ ከስልኩ በቀጥታ ስለሚመርጥ፣ በር ላይ ቆሞ የሚመልስ ሰው ቁጥሩ አንሷል።

ጉልበቱ ያስከተለው ጥያቄ

የእነዚህ ሥራዎች ደጋፊዎች ሆሊውድ ለዐሥርት ዓመታት የናቀው ሕዝብ ራሱን በስክሪን ላይ ማየት ችሏል ይላሉ። አባባሉ እውነት አለው። የአንድ አገር ብዙኃን የሚያምኑት ነገር በመዝናኛው ውስጥ ከሌለ ወይም መሳለቂያ ብቻ ሆኖ ከቀረበ፣ ጉድለቱ የመዝናኛው ነው። ሆኖም ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ከምእመናኑ ከራሳቸው መካከል ይነሣሉ።

የመጀመሪያው የትርጓሜ ጥያቄ ነው። ወንጌል ስለ ሐዋርያት የዕለት ኑሮ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ተከታታይ ድራማ ግን ሰዓታትን መሙላት አለበት። «ዘ ቾዝን» ማቴዎስን ኦቲዝም እንዳለበት ሰው አድርጎ ይስለዋል፤ ለጴጥሮስም በመጽሐፉ የሌለ ዕዳና ጭንቀት ይጨምርለታል። አዘጋጆቹ ይህን አልደበቁም፤ በመጀመሪያው ክፍል መግቢያ ላይ የተጨመረ ነገር እንዳለና ተመልካቹ ወንጌላቱን እንዲያነብ የሚያሳስብ ጽሑፍ አስፍረዋል። ቢሆንም ዓይን ያየውን ልብ አይረሳምና፣ ድራማውን ደጋግሞ ያየ ልጅ የደራሲውን ፈጠራ ከወንጌላዊው ቃል መለየት ሊያዳግተው ይችላል።

ሁለተኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው። በመዋጮ የተጀመረ ነገር ሲያድግ የማን ነው? «ዘ ቾዝን» እና ኤንጀል ስቱዲዮስ በውል አለመስማማት ግልግል ዳኝነት ፊት ቆመው በ2024 ተለያይተዋል። ኤንጀል ራሱ በ2025 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገብቷል። ባለ አክሲዮን በየሩብ ዓመቱ ትርፍ ይጠብቃል፤ መንፈሳዊ ሥራ ግን ትርፍ የማያመጣ እውነት የሚናገርበት ጊዜ አለ። ሁለቱ የተጋጩ ዕለት የትኛው እንደሚያሸንፍ ገና አልታየም።

ሦስተኛው የተመልካቹ ማንነት ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ ፊልሞች የሚሠሩት ቀድሞውንም ለሚያምን ሰው ነው። በ2014 የወጣው «ጋድስ ናት ዴድ» በ2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ብዙ እጥፍ አስገብቷል። ነገር ግን በእግዚአብሔር የማያምነውን መምህር ክፋት ብቻ የሞላበት አድርጎ በመሳሉ ክርስቲያን ሃያስያን ሳይቀሩ ነቅፈውታል። ለተስማማው ብቻ የሚናገር ፊልም ተመልካቹን ያስደስተዋል፤ ጎረቤቱን ግን አያስረዳውም። የምእመናን ድርሻ ባነሰበት ዘመን ገቢው መጨመሩም ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ያሉት ይበልጥ መሰብሰባቸውን እንጂ አዲስ ሰው መምጣቱን አያረጋግጥም።

ከኢትዮጵያ አንጻር

ጉዳዩ ከአሜሪካ አልፎ ኢትዮጵያ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ምርቱ ራሱ ነው። እንደ «ኢየሱስ» ፊልም ያሉት በአማርኛ ተተርጉመው ከመጡ ዘመናት ተቆጥረዋል፤ ዛሬ ስልክ ያለው ወጣት ከተማም ሆነ ገጠር አዳዲሶቹን በቀላሉ ያገኛል። ሁለተኛው አሠራሩ ነው። መዝሙር በካሴት ይሸጥ የነበረበት ዘመን አልፎ በዩቲዩብ ተመልካች ቁጥር ገቢ የሚያስገኝበት ዘመን ሲመጣ፣ አሜሪካ ያነሣቸው ጥያቄዎች እዚህም በር አንኳኩተዋል።

በእርግጥ መነሻው ይለያያል። በኢትዮጵያ ከቅዱስ ያሬድ ዘመን፣ ከስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚፈስሰው ዜማ የቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ክፍል እንጂ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። በገናም በዐቢይ ጾም የሚደረደረው ልብን ለንስሐ ለመመለስ ነው። ጉዞውም የተገላቢጦሽ ነው፤ አሬታ ፍራንክሊን ከመዝሙር ወደ ዘፈን ስትሄድ፣ እንደ ሙሉቀን መለሰና ሒሩት በቀለ ያሉ ስመ ጥር የኢትዮጵያ ድምፃውያን ዘፈንን ትተው ወደ ዝማሬ ሄደዋል። በዚህ አገር በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ከፍ ያለ ነበር። የስልኩ ገበያ ግን መዝሙርንና ዘፈንን በአንድ መደብ ላይ አሰልፎ ሁለቱንም በተመልካች ብዛት ይመዝናቸዋል።

የአሜሪካው ልምድ የሚሰጠው ትምህርት ፊልሙን መቅዳት ወይም መፍራት አይደለም። ተቃውሞ የማይወደደውን ሥራ ሲያስተዋውቅ፣ በጥቂት ገንዘብና በብዙ ሰው የተሠራ ሥራ ደግሞ ዘልቆ ሲሄድ ታይቷል። ስለዚህ የራሱን ታሪክ በራሱ ቋንቋ ማየት የሚሻ ሕዝብ የለመደውን ደቦ ወደ ካሜራው ፊት ማውጣት ይችላል። ይህን ሲያደርግ ግን ሲጀመር ሊጠየቅ የሚገባው ሲያልቅ እንዳይጠየቅ መጠንቀቅ አለበት፦ ገንዘቡን ማን አዋጣ፣ ትርፉ ለማን ነው፣ በመጽሐፉ ላይ ምን ተጨመረ፣ ስሕተት ሲገኝስ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? አሜሪካውያኑ እነዚህን ጥያቄዎች ያነሡት ሚሊዮኖቹ ከገቡ፣ ውሉም ከተፈረመ በኋላ ነው። ገና በጅምር ላይ ላለ ሕዝብ ግን ከመዋጮው በፊት መጠየቅ አሁንም ይቻለዋል።